ማጉ የተቀበረበት መቀነት

ምላሴ አያርፍም። እናቴ «ይህን አፍሽን በመርፌ ስፊው» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ አልሰፋሁትም። ባሌ ሸማኔ ነው። ከጋሞ ደጋ መጥቶ ዲላ ላይ የሽመና ጉድጓዱን ከቆፈረ ጀምሮ ድሩን የማደራለት እኔ ነኝ። ክሩን በርዝመቱ አጥብቄ ወይም አሳስቼ የምደረድረው በእኔ እጅ ነው፤ ማጉን አግድም ወርውሮ የሚመታው እሱ ነው።

ጨርቅ ላይ የማን እጅ እንደሚታይ ያስተማረኝም እሱ ነው። ነጠላ ላይ ድርና ማግ እኩል ይታያሉ። ምንጣፍ ሲሆን ድሩ ይሳሳል፣ ማጉ በኃይል ተመትቶ ይሸፍነዋል፤ እዚያ ላይ እኔ የለሁም፣ ያለው የእሱ ክንድ ብቻ ነው። መቀነት ደግሞ ግልባጩ ነው። ድሩን ጥቅጥቅ አድርጌ ስለማደራው ማጉ ከውስጥ ይቀበራል።

ባለፈው ክረምት አንዲት አስተማሪ ለሳሎኗ እኛ ዘንድ ያሠራችውን ቀይ ምንጣፍ ተሸክማ ከገደብ ከተማ መጣች። «እትዬ፣ እስቲ ይሄን ይዩት» አለችኝ። ልሟገታት ተዘጋጅቼ በሩ ላይ ዘረጋሁት። የተጀመረበት ጫፍ ጥብቅ ነው፤ ወደ መጨረሻው ግን ነጩ ድር በቀዩ መሃል እንደ ከሲታ ሰው የጎድን አጥንት ብቅ ብቅ ብሏል። ፈራሁ። የእኔ ፍርሃት ደግሞ ቁጣ ሆኖ ነው የሚወጣው።

«አንተ ሰውዬ!» አልኩት በሴትየዋ ፊት፣ «ክንድህን ማን ሰረቀህ? ደግሞ ስንፍና ጀመረህ?»

ቀና ብሎ አየኝና ወደ እሷ ዞረ። «ይቅርታ እህቴ፣ ሌላ ይሠራልሻል» አላት። ሌላውን ግን ራሱ አልሠራውም፤ ለጎረቤት ሸማኔ ሰጠው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው መቀነት ብቻ ሆነ። «ገበያው የሚፈልገው መቀነት ነው» ይላል። እውነትም የቡና ለቀማ ሲደርስ የኢዲዶ መንደር ሴቶች ወገባቸውን ሊያስሩበት ይሻሙበት ጀመር። «ድሩን ጠበቅ አድርጊው» ሲለኝ አጠብቃለሁ፤ ሲደግምልኝም አጠብቃለሁ። «እጅሽ ይባረክ፣ እንዴት ያምራል!» ሲሉኝ ኮራሁ፣ ምን ይደረግ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል ሰው፤ ማጉን ማን ያስታውሳል። ብቻ ድሮ መንገድ ድረስ ይሰማ የነበረው የመምቻው ድምፅ አጠገቡ ቁጭ ብዬም አልሰማ አለኝ። ዝናቡ ነው የሸፈነው አልኩ። ዝናቡ አባራ፤ ድምፁ አልተመለሰም።

አንድ ቀን አንዲት ለቃሚ መቀነት ገዝታ ከእህቷ ጋር ልትካፈለው፣ «እናቴ፣ ለሁለት ይቁረጡልኝ» አለችኝ። በመቀስ ቆረጥኩት። እጄ ላይ ተበተነ፣ የጌታ ያለህ! ማጉ አልተመታም፤ አንዱ ካንዱ ርቆ፣ ላላ ብሎ ተጋድሟል። አምሮ ይታይ የነበረው የእኔ ድር ብቻ ነበር።

ጉድጓዱ ዘንድ ሄጄ፣ «የምትመታበትን ቀኝ እጅህን አሳየኝ» አልኩት። ጋቢው ሥር ከተተው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከምንጣፉ በፊት።»

«ተነሣ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ!»

«ሄጃለሁ» አለኝ። «ሐኪሙ ግራውም እንደ ቀኙ ይዝላል ብሎኛል።»

በሰው ፊት ሰነፍ ማለቴ ትዝ ሲለኝ ምላሴን መቁረጥ አማረኝ። ይቅር በለኝ እያልኩ አለቀስኩ። እንባዬ እስኪያልቅ ጠበቀኝ።

«በቃ፣ አንቺ ሴትዮ» አለኝ። «ይልቅ ነጠላ አድሪልኝ። ሳሳ አድርገሽ፤ የሁለታችንም እጅ ይታይ።»

አደራሁለት። በግራው ይወረውራል፣ በዚያው በግራው ይመታል። ግማሹን አልፎታል። ለምሳ ሲነሣ ጎንበስ ብዬ የሠራውን አየዋለሁ፤ እስከ ትናንት እኩል ነበር። ትናንት ከሰዓት መወርወሪያው ከግራ እጁ አምልጦ ወደቀ። ሁለታችንም አየነው። አነሣሁና ምንም ሳልናገር እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።