ለማሊ የተደገሰላት ምሳ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ መምህራንና ተማሪዎች ለሰፋሪዎች ጎጆ ሊሠሩ ወደ ፓዊ በተላኩበት ዓመት ነው። ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ባሕር ዳርን እወዳታለሁ፤ ያንን ቅዳሜ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

ታላቅ ወንድሜ ይሁኔ ባንኮክ ተምሮ ሲመለስ ማሊ የምትባል የታይላንድ ሚስት ይዞ መጣ። ኮሌጅ ማስተማር ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ እሱም ፓዊ ተላከ። ዓባይ ማዶ በተከራየው ቤት እኔና ማሊ ብቻችንን ቀረን። እኔ እዚያው ኮሌጅ ታይፒስት ነበርኩ፤ የምንግባባውም በእኔ የታይፒስት እንግሊዝኛ ነበር።

ማሊ ነፍሰ ጡር ነበረች። እንጀራ ገና ሲሸታት ያስመልሳታል። ከሩዝ በጨው በቀር ሆዷ የሚቀበለው ነገር አልነበረም። የጤና ረዳቱ "በዚህ ዓይነት ሽሉ አይጸናም፤ ያማራትን ፈልጋችሁ አብሏት" አለኝ። ያማራት የአገሯ የዓሣ ሾርባ ነበር። ዓሣው ከጣና፣ ሚጥሚጣው ከገበያ ይገኛል። የጎደላት አንድ ቅጠል ነው። "ሎሚ ሎሚ ይሸታል" ትለኛለች፤ ሎሚ ሳመጣላት ራሷን ትነቀንቃለች። ረጅም ቅጠል በወረቀት ሥላ ብታሳየኝ የሽንኩርት ቅጠል ገዝቼ መጣሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ኮሌጁ ውስጥ የውጭ አገር መምህራን ስለነበሩ፣ በአካባቢው ካሉት ርካሽ ምግብ ቤቶች አንዱ የሩቅ አገር ምግብ ያውቅ ይሆናል ብዬ ይዣት ዞርኩ። አንዷ ባለቤት ማካሮኒ በበርበሬ አቀረበችልን። ሌላዋ ሩዝ በስኳር ቀቅላ "ይኸው፣ የፈረንጅ ምግብ" አለችን። ማሊ ሁሉንም ቀምሳ ታመሰግናለች፤ ከዚያ ደጅ ወጥታ ታስመልሳለች። መንገደኛው "ቻይና! ቻይና!" ይልብናል።

በመጨረሻ ባሻ ዳምጤ ዘንድ ደረስን። ወጣት ሳሉ ኮርያ የዘመቱ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ምግብ ቤት የከፈቱ ሰው ናቸው።

"አንች ልጅ፣ እኔ እስያን በእግሬ የረገጥሁ ሰው ነኝ! ምግባቸውን እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው? ቅዳሜ ለምሳ አምጫት" አሉኝ።

"ነፍሰ ጡር ናት፣ ባሻ። አምሮት ነው የያዛት" አልኳቸው።

"አምሮትማ አይከለከልም።"

እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ቅዳሜ ማሊ ከአገሯ ያመጣችውን የሐር ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ስንደርስ ቤቱ ጢም ብሏል። መቀመጫ ያጣው በመስኮት ያያል። ወለሉ እንደ በዓል ቀን ተጎዝጉዟል። ሁሉም ለምሳ የመጣ መስሎኝ ነበር። ለካስ የመጡት እሷ ስትበላ ሊያዩ ኖሯል። ባሻ ለአገሩ ሁሉ አውርተዋል።

ክዳን የተደፋበትን ሳህን ራሳቸው አመጡት። ማሊ መዳፎቿን ደረቷ ላይ አጋጥማ እንደ አገሯ ወግ እጅ ነሣች። ክዳኑን ከፈቱት። ጥሬ የዓሣ ሆድ ዕቃ ነበር፣ ከነደሙ።

"ብይ እንጂ! የናንተ ሰው ጥሬውን አይደል የሚወድ?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሚስቁት መሐል የቢሮ ባልደረቦቼም ነበሩ። ከዚህ በኋላ ባሻን አንቱ ልለው አልችልም።

ማሊ አፏን ይዛ ተደፋችና እዚያው አስመለሰች። እንዳጎነበሰች ስትቀር ሽሉ ወረደ ብዬ ክው አልኩ። ላነሣት ስል እጄን ገፋችው። ከጉዝጓዙ አንድ ቅጠል አንሥታ በጣቶቿ አሽታ አሸተተች። ከዚያ በጉልበቷ እየሄደች ከሰው እግር ሥር ትለቅም ጀመር።

"ሣርም ትበላለች!" አለ ባሻ። "ጨምሩላት እንጂ!"

ሰዎቹ ከወለሉ እያፈሱ ይወረውሩባት ጀመር። ፀጉሯ ላይ ያረፈውን ሳይቀር እያነሣች በቀሚሷ ሰበሰበችው። አንድም ሰው በቃ አላለም። እኔ እያለቀስኩ አብሬያት ለቀምኩ።

ጠጅ ሣር ነበር። በየበዓሉ ስረግጠው ያደግኩት ጠጅ ሣር። በወረቀት የሣለችልኝም እሱን ኖሯል።

ቤት ገብተን የቆሸሸውን ሣር ደጋግማ አጠበች። ነጩን ሥሩን ቀጥቅጣ ከዓሣው፣ ከሎሚውና ከሚጥሚጣው ጋር ቀቀለችው። ጠጥታ ጨረሰችና ደገመች። እንባዋ ሳህኑ ውስጥ ይንጠባጠባል። የዚያን ቀን አላስመለሳትም።

ልጇን በሰላም ወለደች። ለወንድሜ ምንም አልነገረችውም፤ እኔንም አስማለችኝ። ኋላ ተያይዘው ወደ አገሯ ሄዱ።

ከዓመታት በኋላ ባሻን ገበያ ላይ አገኘሁት። አርጅቶ በከዘራ ይሄዳል።

"ያች ሣር በሊታችን ደኅና ናት?" አለኝ እየሳቀ። ደግ ነገር የጠየቀ ነው የመሰለው። ዘግቼው አለፍኩ። መሞቱን ስሰማም ለቅሶ አልደረስኩም፤ አልጸጸተኝም።

አሁን ጓሮዬ በጠጅ ሣር የተሞላ ነው። በዓል ሲደርስ ጎረቤቶቼ ለጉዝጓዝ ይለምኑኛል። ለሚፈላ፣ ለሚቀቀል ከሆነ ውሰዱ እላቸዋለሁ፤ ለሚረገጥ ግን አንድ ቅጠል አልሰጥም። ቋጣሪ ይሉኛል። ይበሉኝ።