የጋሽ ሞቱማ ጫማ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማራቶን አሸንፎ አራተኛ ፎቅ ለመውጣት ሦስት ጊዜ የሚያርፍ ሰው ቢኖር ጋሽ ወልደገብርኤል ብቻ ናቸው። የግቢው ልጆች «ሻምፒዮን፣ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደረሱ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም የደረጃውን ብረት ጨብጠው፣ «ጉልበት እየቆጠብኩ ነው» ይላሉ። ከአርባ ዓመት በፊት የአገር ሻምፒዮን ሆነው የተሸለሙት ዋንጫ ዛሬ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሪሞትና ቁልፍ ይይዛል። ሩጫ ካቆሙ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ሜክሲኮ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠርተዋል፤ አንድም ቀን በሰዓቱ ገብተው አያውቁም ይባላል።

ጭንቀታቸው የጀመረው ባለፈው ወር ቀብር ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከጎረቤት ሲነታረክ የኖረ ሰው፣ የእድሩ ጸሐፊ የሕይወት ታሪኩን ሲያነብለት «ሰላም ወዳድና ሰው አክባሪ» ሆኖ ተቀበረ። ጋሽ ወልደገብርኤል ደነገጡ። ነገ ለእሳቸውም እንዲሁ ሊዋሽላቸው ነው። የሆድን በሆድ ይዞ መኖሩንስ ችለውበት ነበር፤ ይዞ መቀበሩ ግን ከበዳቸው። ስለዚህ የሕይወት ታሪካቸውን ራሳቸው ጻፉና አንባቢም መረጡ።

የመረጡት ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩትን ጓደኛቸውን ጋሽ ሞቱማን ነው። ጋሽ ሞቱማ ዋንጫው የተገኘበትን ያን ማራቶን እስከ አርባኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ሲመሩ ቆይተው፣ ጫማቸው ወልቆ ተቀደሙና ባንድ ጫማ ሮጠው ሁለተኛ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ጫማውን የሰፋላቸውን ሰውዬ ሳይረግሙ የዋሉበት ቀን የለም። ሰውየው ከሞተም በኋላ እርግማኑ አልቆመም።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ አገኟቸውና ወረቀቱን ዘረጉላቸው።

«ስሞት አንተ ታነብልኛለህ።»

ጋሽ ሞቱማ መነጽራቸውን አድርገው እየሳቁ ማንበብ ጀመሩ። መካከል ላይ ሲደርሱ ሳቁ ቆመ። «የሞቱማን ተረከዝ ረግጬ ጫማውን ያወለቅሁት እኔ ነኝ» ይላል ወረቀቱ። «የረገጥሁት ሳላስበው ነው። ዞሬ ካየሁ በኋላ ግን ዝም ብዬ ሮጥሁ።»

ጋሽ ወልደገብርኤል አፈሩ። ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

«ያንን ምስኪን ጫማ ሰፊ በከንቱ!» አሉ ጋሽ ሞቱማ በመጨረሻ።

«እንግዲህ እኔን እርገመኝ።»

«አርባ ዓመት ረግሜ ደክሞኛል።» ወረቀቱን አጥፈው መለሱላቸው። «ይህን እኔ አላነብም።»

«ለምን?»

«አንተ ቀድመህ፣ እኔ ተከትዬ? አሁንም ሁለተኛ ልታደርገኝ ነው? የለም! ይህን እንኳ እኔ ልቅደም፤ ስሞት የእኔን አንተ ታነባለህ።»

ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ጥቂት ራመድ እንዳሉ ዞር አሉ።

«የጫማዋ ቦታ ስትደርስ ጮክ በል። እኔም ልስማ።»