ጠያቂ ያለው ሳል

የዶክትሬት ትምህርት ስጀምር ለኮምፒውተር ምርምር የሚያስፈልገው ሒሳብ፣ ፕሮግራም መጻፍና እንቅልፍ ማጣት ይመስለኝ ነበር። ሦስቱንም ችያለሁ ብዬ ስንጠራራ፣ ጳውሎስ አካባቢ በተከራየናት ጠባብ ክፍል አጠገቤ የምትሠራው የትምህርት ጓደኛዬ ጉድ አሳየችኝ።

የእሷ ጥናት ኮምፒውተር ሳል ሰምቶ የሳንባ ሕመምተኛን ከጤነኛ እንዲለይ ማስተማር ነበር። አዲሱ ገበያና ቁስቋም ቤት ለቤት እየዞረች የሕመምተኞችን ሳል አልጋቸው ላይ እንዳሉ ቀዳች፤ ጤነኞቹን ግን እኛው ክፍል እየጠራች አሳለቻቸው። ኮምፒውተሩ መሳሳት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ለመመረቅ የቀራት በሚቀጥለው ሳምንት ፈታኞች ፊት መቅረብ ብቻ ነው።

እሷ ግን ማዳመጫ ሰክታ የቀዳችውን ሁሉ እንደ አዲስ ትሰማለች።

«ከማሽኑ ጋር እልህ ተጋባሽ እንዴ?» አልኳት።

«ውጤቱ በጣም አማረ። በቃ፣ ፈራሁት» አለችና አንዱን ማዳመጫ ሰጠችኝ።

የአንዲት ሴት ሳል፣ ከኋላው የጎረቤቶች ሹክሹክታ፦ «እግዜር ይማርሽ»። ሌላ ሕመምተኛ፣ ሌሎች ጠያቂዎች። እኛ አገር የታመመ ሰው ቤት መቼ ባዶ ይሆናል? ጤነኞቹ ጋ ግን ከሳሉ ኋላ ጭጭ ነው።

ሳሉን ቆርጣ አወጣችና የጠያቂዎቹን ድምፅ ብቻ ለኮምፒውተሩ ሰጠችው። «ሕመምተኛ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ክው አልኩ። ያ ሁሉ ጊዜ ማሽኑ ያጠናው ሳሉን ሳይሆን ጠያቂውን ነበር። እኛ ልብ ያላልነውን መስማቱ ደነቀኝም፣ አስፈራኝም።

«ተይው፤ ፈታኞቹ ቁጥሩን ነው የሚያዩት፣ ማን ቁጭ ብሎ ሳል ይሰማል?» አልኳት። የዓመታት ድካሟን ውሃ ሲበላው ማየት አላስቻለኝም። እሷ ግን ስልኳን አንስታ የአማካሪዋን ቁጥር እየፈለገች ነበር።

«ጠያቂ የሌለው ሰው ቢስልበትስ?» አለችኝ ቀና ሳትል። «ደህና ነህ ብሎ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል።»

በሰው እንደዚያን ቀን ተደንቄ አላውቅም። ስልኩ ተነሣ።

«እ... ዶክተር፣ እኔ ነኝ። የሚቀጥለው ሳምንት አልቀርብም። አልተሳሳትኩም፣ አረጋግጫለሁ። ሳሉን ሁሉ እንደ አዲስ ልቀዳ ነው።»