የፀጉር አስተካካዩ ቀኝ ክርን

ዘነበ ጅጅጋ የገባው በወታደርነት ነው። የሶማሊያ ጦርነት ሲያበቃ ወደ ትውልድ አገሩ መንዝ አልተመለሰም፤ ገበያው ዳር ፀጉር ቤት ከፈተ። ምላጭ ሲይዝ እጁ ላባ ነው ይባልለት ነበር።

በሰማንያ ዓመተ ምህረት፣ ረመዳን ሊያልቅ ሲል፣ ነፋስ የቤቱን ቆርቆሮ ገነጠለው። መልሶ በሚስማር ሊመታው ጣሪያ ላይ ወጣና ከነቆርቆሮው ወደቀ። መሬቱን በቀኝ መዳፉ ሲመክት ክርኑ ወለቀ።

ወጌሻው ሼህ ሳቢር ስበው መለሱለትና በስንጥር እንጨት አሰሩት።

“ልጄ፣ አጥንቱ ገብቷል፤ የተጎዳው ጅማቱ ነው። ሦስት ሳምንት እንዳትፈታው” አሉት።

ሳምንት ሳይሞላ ኢድ ደረሰ። ደንበኛው ደጃፉን ሞላው። ሚስቱ ታንጉት “ተው፣ ይቅርብህ” ብትለው፣ “የበዓል ሰው ይመለሳል እንዴ?” አለና ማሰሪያውን በጥርሱ ፈታው። እስኪመሽ ሰው ሲላጭ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ክርኑ ከዳው። ክንዱን ቀና ሲያደርግ ቀጭ ይልና ይንሸራተታል። ወደ ሐረር ሄደ።

“አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ተበጥሷል” አለው ሐኪሙ። “በጊዜው አርፎ፣ ኋላ ቀስ እያለ ቢንቀሳቀስ ይጠገን ነበር። አሁን ቀዶ ጥገና ነው፤ እሱም አዲስ አበባ።”

አዲስ አበባ ሲደርስ ሆስፒታሉ ከሰሜን ጦር ግንባር በመጣ ቁስለኛ ተጨናንቋል። እግር የሌለው ወጣት ኮሪደር ላይ ተኝቶ ሲያይ፣ ስለ ክርኑ ማውራት አሳፈረው። ተራውን ሳይጠብቅ ተመለሰ።

ደንበኞቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ሻይ ቤት ያለው ጎረቤቱ ዳሂር ግን ዓርብ ዓርብ መምጣቱን አልተወም። አንድ ዓርብ የዳሂር ጺም ተላጭቶ ሲጋመስ የዘነበ ክርን ከዳና ምላጩ የዳሂርን ጉንጭ ሸረከተው።

ዳሂር ፎጣውን ደሙ ላይ ጫነ። “ምንም አይደል፣ ቀጥል።”

“አልችልም” አለ ዘነበ።

“ወላሂ፣ እንዲህ ሆኜ መስጊድ ልገባ ነው?”

ዳሂር ምላጩን ከእጁ ወሰደ። ዘነበ በግራ እጁ መስታወት ያዘለት፤ ዳሂር የቀረውን ጺም በገዛ እጁ ላጨው።

ዘነበ ፀጉር ቤቱን በማግስቱ ዘጋው። ኋላ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ሌላ ፀጉር ቤት ግን ገብቶ አያውቅም፤ ፀጉሩ ጆሮውን ሲሸፍነው ታንጉት በልብስ መቀስ ትከረክምለታለች።