ስኳር ለካ ጠጠር ነበረች

ዛሬ ጠዋት ከስኳሬ ውስጥ የወጣች ጠጠር ጥርሴን ልትሰብረው ነበር።

ጠጠሯን ጨብጬ በቀጥታ ወደ ባለሱቁ፣ ወደ ጋሽ ሁሴን ገሰገስኩ። (ቡራዩ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ በዱቤ የሚሰጠኝ እንደሌለ በንዴት ረስቼው!)

ሕንድ አገር የተማረችው እህቴ እየሳቀች ተከተለችኝ። «ምን አስቆጣሽ? ስኳር እኮ ዱሮም ጠጠር ማለት ነው!»

ሱቁ ስንደርስ፣ ቃሉ የመጣው ከጥንቱ የሕንድ ቋንቋ፣ ከሳንስክሪት ነው አለችን። «ሻርካራ» ማለት ጠጠር ነው። የሸንኮራው ጭማቂ ፈልቶ ሲደርቅ ጠጠር ስለመሰላቸው ስሙን ሰጡት። ከዚያ ስሙ በፋርስ፣ በዐረብ አድርጎ እኛ ሰፈር ደረሰ።

ጋሽ ሁሴን ጠጠሯን አገላብጠው አዩና «እንግዲያው ኦሪጅናሉን ነው የሸጥኩልሽ» አሉኝ። ቁጣዬ እዚያው በሳቅ አለቀ።

«ደሞ ሻርካራ በሳንስክሪት ሰዋስው ሴት ናት» አለች እህቴ። «እንደሷ በ‹ኣ› የሚያልቁ ስሞች አብዛኞቹ አንስታይ ናቸው።»

ይሄኔ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን በኦሮምኛ ሰላምታ እየሰጡ ብቅ አሉ። «አካም ጅርቱ ሁሴን! ስኳሯ ገባች?»

ሦስታችንም ተያየን። «ገባች» አሉ፣ እሳቸውም በሴት!

እህቴ «አጋጣሚ ነው» ትላለች። ይሁንላት። ያን ሁሉ አገርና ባሕር አቋርጣ መጥታ፣ እዚህም ሴት ናት።

እናንተ ሰፈርስ ስኳር «ገባ» ነው «ገባች»?