ቀዩ ቀለም የቀረው የጋሽ ሬይ ወፍ

ጠዋት የጋሽ ሬይ እህት ከካናዳ ደውላ «ሬይ አረፈ» ስትለኝ፣ «አይ፣ ዛሬ ቀዩን ቀለም ልናትም ተቀጣጥረናል» ነው ያልኳት። ሰው መርዶ ሲነገረው እንዲህ ይላል? አሁንም በሩን ከፍተው የሚገቡ ይመስለኛል።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ሬይ ኦክላንድ ያለችውን የቲሸርት ማተሚያ ቤቴን ተጋርተውኝ ወፍ የሚያትሙ ሽማግሌ ነበሩ። የካናዳ ባሕር ዳር ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከክዋክዋካዋክ ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ «ጋሼ» ስላቸው ግን «አቤት» ማለት ለምደው ነበር።

ወፉ ቁሉስ ይባላል፤ በእነሱ ታሪክ ነጎድጓድ የሚያሰማው የታላቁ ወፍ ታናሽ ወንድም ነው። ድሮ ከአባቶቻቸው አንዱ ቤት ሲሠራ ዋናውን ግንድ ማንሳት ቢያቅተው፣ ቁሉስ በጥፍሩ አንስቶ ሰጠው፤ ከዚያ የላባ ካባውን አውልቆ ሰው ሆነ። «ደስ የሚል ተረት» ብላቸው፣ «ተረት አይደለም፤ ዘመዴ ነው» አሉኝ።

አንድ ቀን ሳን ሆዜ ሬስቶራንት ያለው ደንበኛዬ ሰይድ ማተሚያ ቤቴ መጥቶ ወፉን ግድግዳው ላይ አየውና፣ «እህቴ፣ ይሄን ወፍ ለዌይተሮቼ ቲሸርት ፕሪንት አድርጊልኝ፤ ምን የመሰለ ሎጎ ነው» አለ።

ጋሽ ሬይ አልተቆጡም። «የእናቴ ቤተሰብ ነው፤ ለንግድ አይሆንም» ብቻ አሉት። ሰይድ አፍሮ ወጣ። በማግስቱ አንዲት ወፍራም ዶሮ ወረቀት ላይ ስለው መጡ። «ይቺ የማንም ዘመድ አይደለችም፤ ስጪው» አሉኝ። የሰይድ ዌይተሮች እስከ ዛሬ ዶሮዋን ለብሰው ነው የሚያስተናግዱት። ከዚያ ወዲህ ቲሸርት ባበላሸሁ ቁጥር «ግድ የለም፣ የማንም ዘመድ አይደለም» ይሉኝ ነበር።

የዘንድሮው ሥራቸው ለእናታቸው ተዝካር ነበር። ተዝካር የምለው እኔ ነኝ። በእነሱ ወግ ለሟች ትልቅ ግብዣ ይደረጋል፤ ጭምብል አጥልቀው የወፎቹን ጭፈራ ይጨፍራሉ፤ እንግዳው ሁሉ ያየውን እንዲመሰክር ስጦታ ይሰጠዋል። ስጦታው የታተመ የቁሉስ ሥዕል ነበር። ጥቁሩን አትመን አድርቀናል። እያመማቸው ይመጡ የነበረው ለዚህ ነው፤ ሳይጨርሱት መሄድን ፈርተው ነበር።

ጠዋት በስልክ እህታቸውን «ቀዩን እኔ ልጨርስላቸው» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ወፉ የእኔ አይደለማ። እሷ ግን፣ «ልጄ መጥታ ታትመዋለች፤ ሬይ ቀዩን እንዴት እንደሚበጠብጥ የምታውቂው ግን አንቺ ብቻ ነሽ፤ ታሳያታለሽ?» አለችኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ፎቶ ለምትጠይቁኝ፦ ወፉን ፖስት አላደርግም፤ አልተፈቀደልኝም። ከታች ያለችው ዶሮዋ ናት።

ጋሼ፣ የእህትዎ ልጅ አርብ ትገባለች። ቀለሙን እኔ በጥብጬ አቀርብላታለሁ፤ ማተሙ የእሷ ነው። በሰላም ይረፉ። እናትዎን ሲያገኙ፣ እንግዶቻቸው ባዶ እጃቸውን እንደማይመለሱ ይንገሩልኝ።