በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ጅብ

ስፌት እንደማልችል የሚያውቁት እግዜርና እናቴ ብቻ ነበሩ። እግዜር ምስጢር ጠባቂ ነው፤ እናቴ ደግሞ ደብረ ብርሃን ነበረች።

አዲስ አበባ፣ ኤጀንሲው ውስጥ ቅጹን የሞላችልኝ ጸሐፊ ከወረቀቷ ቀና ሳትል ነበር የጠየቀችኝ። ምግብ ማብሰል ትችያለሽ? እችላለሁ። ልጅ መያዝስ? እችላለሁ። ካውያ? እችላለሁ። ስፌት? ከፊቴ የነበሩት ሴቶች ለሁሉም ነገር እችላለሁ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አልችልም ያለች ፓስፖርቷን ተቀብላ ወደ ቤቷ የምትመለስ መስሎኝ እሱንም እችላለሁ አልኩ። ዋናና መኪና መንዳት ብትጨምርበት ኖሮም ወደኋላ የምል አልነበርኩም።

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላል የአገራችን ሰው። ቁርበት ሲያገኝ የሚቆረጥም አውሬ፣ ጠባዩን የሚያውቅ በሌለበት አገር እንደ ጨዋ እንግዳ ይነጠፍልኝና ልቀመጥበት ይላል። እኔም ባሕር ተሻግሬ ሳውዲ፣ ኹበር ከተማ የገባሁት እንደዚያ ነው።

የገባሁበት ቤት የዮርዳኖስ ሰዎች ቤት ነበር። ባባ፣ ማለትም የማዳም ባል፣ ደማም ኢንዱስትሪ ከተማ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ መሐንዲስ ነው። የሚኖሩት በግንብ በታጠረ፣ ፈረንጅ በበዛበት ኮምፓውንድ ውስጥ ነው። አንዲት የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። በገባሁ በሦስተኛው ቀን ማዳም የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ከፈተችና አንድ ነገር ላይ የተጣለ ጨርቅ ገፈፈች። የስፌት መኪና ነው፤ ነጭ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ከታች የእግር መርገጫ ያለው። ያንቺ ነው አለችኝ። ክው አልኩ። ደስታ መሰላትና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

በዚያው ቀን የቤቱን ሕግ ነገረችኝ። ሰሃን ብሰብር ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፤ ሰሃን የሚሰበር ዕቃ ነው። ብዋሻት ግን ኸላስ፣ አበቃ፣ ደማም ወዳለው መክተብ፣ ወደ አስቀጣሪው ቢሮ ነው የምመለሰው። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ የሰበረችውን ብርጭቆ ቆሻሻ ውስጥ ደብቃ አልሰበርኩም ብላ በመማሏ ነው የሄደችው። ከመክተብ ወዲያ ማን ቤት እንደምትጣዪ አታውቂም። በዚያ ላይ ጊዜው በፈረንጆቹ 2013 ነበር፤ ወረቀት የሌላቸው የአገሬ ልጆች ከየቤቱ የማይወጡበት፣ ወረቀት ያለንም የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ ኢቃማችንን፣ በቀን ሦስቴ የምንዳብስበት ሰሞን። ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ፈራሁና ዝም አልኩ፤ ዝምታውም ስምንት ወር ሆነ።

ስምንት ወር እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ቁልፍ ሲበጠስ በሙጫ እለጥፋለሁ። የባባ ሱሪ ሲረዝም ጫፉን አጥፌ በልጅቷ ስቴፕለር እመታዋለሁ፤ በላዩ ላይ ካውያ ሳሳርፍበት ያምራል። ባባ ሲቀመጥ ቁርጭምጭሚቱን ደጋግሞ ሲያክ ባየሁ ቁጥር ወደ ወጥ ቤት እገባ ነበር።

ከዚያ ሃሎዊን መጣ። ከኮምፓውንዱ በር ውጪ ስሙ አይነሳም፤ ከግንቡ ወዲህ ግን የፈረንጆቹ ልጆች የሚያስፈራ ልብስ ለብሰው ከቤት ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይለምናሉ። ሲነገረኝ ቡሄ ነው የመሰለኝ፣ ዘፈኑና ምርቃቱ የጎደለ ቡሄ። ልጅቷ ካልዞርኩ ብላ ምግብ እምቢ አለች። ገበያ አዳራሹ ውስጥ የሚሸጠውን ልብስ ማዳም በሁለት ጣቷ አንስታ አየችና እንደ ላስቲክ ከረጢት ነው ብላ መለሰችው። ቤት ውስጥ ሰፊ እያለች ለምን እገዛለሁ ስትል አብረውን የነበሩት ጎረቤቶቿ ሁሉ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው።

አንዷ ጎረቤት ቀላል ነው አለች፤ ነጭ አንሶላ ላይ ሁለት ቀዳዳ ማውጣት፣ በቃ መንፈስ ትሆናለች። እኔ መግነዝ ታየኝና አማተብኩ። ማዳምም ከፈን ታይቷት ኖሮ አዑዙ ቢላህ አለች። ልጅ በቁሟ አትገነዝም፣ በዚህ ላይ እኔና ማዳም ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን። ሰይጣንንም አልሠራም አልኩ፤ እሷም አላስገደደችኝም።

በማግስቱ ልጅቷ ካልሲ ሳጥፍ አጠገቤ ተቀመጠችና ልጅ ሆነሽ የሚያስፈራሽ ምን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ጅብ አልኳት። የእኛ ቤት የከተማው ዳር ላይ ነበር፤ ሲመሽ ጅቡ እስከ አጥራችን መጥቶ የሚጮኸውን ጩኸት ጮኼ አሰማኋት። ካልሲው ከእጇ ወደቀ። ትንፋሿ ሲመለስላት ጅብ ነው የምሆነው፣ ለማማ ግን እንዳትነግሪ አለች። ለማዳም አውሬ ነው እየተሰፋ ያለው ብቻ ተባለ።

እየተሰፋ ያለው! ማዳም ሊጥለው የነበረ ቡናማ ብርድ ልብስ ሰጠችኝ። እራት ከተበላ በኋላ የማጠቢያውን ክፍል በር እዘጋና መኪናውን ሰክቼ፣ ያለ ክር፣ ያለ ጨርቅ፣ መርገጫውን በእግሬ እረግጣለሁ። ትርርርር ይላል። ሳሎን ቴሌቪዥን የምታየው ማዳም ስፌቴን ትስማልኝ ብዬ ነው። እጄ ግን ጭኔ ላይ የቴምር ካርቶን ይቆርጣል፣ በዱቄት ሙጫ የጅብ ፊት ይለጥፋል። ጥርሱን ከለበን፣ ከሚጠጣው እርጎ ጠርሙስ አወጣሁለት። ጋማው ጠርዙ ከተተለተለ የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ፣ ጭራው ጋዜጣ ከተጠቀጠቀበት የባባ ካልሲ ሆነ። ነጠብጣቡን በጫማ ቀለም ስቀባው ክፍሉ ሊስትሮ ሳጥን ሸተተ። አንድ ጊዜ ከኀሊናዬ ታርቄ ጆሮውን በእጄ ልስፋ ብዬ ነበር፤ ጨርሼ ስነሳ ጅቡ ከቀሚሴ ጋር አብሮኝ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ኀሊናዬን ተውኩትና ማዳም ሻሿን የምትይዝባቸው መርፌ ቁልፎች ካሉበት ሳጥን መውሰድ ጀመርኩ። ሁለት፣ ከዚያ አምስት፣ በመጨረሻም ሳጥኑን እንዳለ።

በሦስተኛው ምሽት ልጅቷ ሳታንኳኳ ገባች። መኪናውን አየች፣ እግሬን አየች፣ መርፌውን ጎንበስ ብላ አየች። «ማፊ ኸይጥ» አለች፤ ክር የለውም። ስፌት አልችልም፣ ለማማ ከነገርሻት ትመልሰኛለች አልኳት። በሩን ዘጋች፤ ከወንበሩ አስነስታኝ እሷ ተቀመጠችና መርገጫውን መርገጥ ያዘች። ከዚያች ምሽት ጀምሮ መኪናው የእሷ ሥራ ሆነ። እጅጌ ነው የምንሰፋው ወይስ ጀርባ ብላ ትጠይቀኛለች፤ እጅጌ ስላት አጭር አጭር፣ ጀርባ ስላት ረዥም ትረግጣለች።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ጥቅምት ሃያ አንድ። በማርያም ዕለት የእንዲህ ዓይነት በዓል አጃቢ መሆኔ ከንክኖኝ ጠዋት እመቤቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። ማዳም ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አንድም መርፌ ቁልፍ አጥታ ቤቱን ስታስስ ዋለች፤ በመጨረሻ ሻሿን ከአገጯ ሥር ቋጠረችው። ልጅቷን ሳለብሳት በአርባ መርፌ ቁልፍ ነው የተያያዘችው።

በአራት እግሯ እየዳኸች፣ ያስተማርኳትን ጩኸት እየጮኸች ሳሎን ገባች። ማዳም ሶፋው ላይ ወጣች። ይህን ስል ለማጋነን አይደለም፤ ከነጫማዋ ነው የወጣችው። ማንም ሳይነግራት ጅብ መሆኑን አውቃለች። በእነሱም አገር ጅብ ሰውን በጠረኑ አፍዝዞ፣ ከኋላው እያስከተለ ዋሻው ድረስ ይወስዳል ብለው ነው ያሳደጓት። የጫማው ቀለም ሽታ ነው መሰለኝ ይበልጥ ያስደነገጣት። ስትረጋጋ ሳቀችና ጎበዝ አለችኝ። እዚያ አገር ከገባሁ እንደዚያን ቀን የኮራሁበት ቀን የለም፤ የኮራሁት ደግሞ በውሸቴ ነው።

ሌሎቹ ግን ምንም አያውቁም። የመጀመሪያው ቤት ውሻ ነሽ አላት። ሁለተኛው አይጥ። ሦስተኛው ቤት አንድ ሽማግሌ ነጠብጣቧን አይቶ ላም ነሽ አለ። ላም! እንዲህ ያለ ጥርስ ያላት ላም የት አገር ነው ያለችው? ሰውየው ከረሜላ ባይሰጥ ኖሮ ልጅቷን ንከሺው እላት ነበር።

የኹበር አየር ደግሞ በጥቅምትም ቢሆን ከባሕር የሚመጣው እርጥበቱ እንደ እንፋሎት ነው። በአራተኛው ቤት የዱቄት ሙጫው ላላና የጅቡ ጆሮዎች ተኙ። በአምስተኛው ጭራው ወደቀ፤ አንስቼ በኪሴ ከተትኩት። ስድስተኛው ቤት ስንደርስ አንድ መርፌ ተከፍቶ ወጋት፤ በዚያች ምሽት ከጮኸችው ሁሉ እውነተኛው የጅብ ጩኸት ያኔ የወጣው ነው።

መጨረሻ ላይ ልጆቹ ልብሳቸውን በየተራ እንዲያሳዩ ሁሉም በመዋኛው አጠገብ ባለው አዳራሽ ተሰበሰበ። እናቶች በሙሉ ቆመዋል። ልጅቷ ተራዋ ደርሶ መሐል ስትገባና ቀጥ ስትል፣ ጀርባዋ ላይ የነበሩት መርፌዎች አንዱ ሌላውን እየሳበ ተከፈተ። ጅቡ እንዳለ ወለሉ ላይ ወደቀ። ልጅቷ በካናቴራና በቁምጣ ቀረች። መርፌ ቁልፎቹ ጡቡ ላይ ሲንከባለሉ ሁሉም ሰው ሰማ።

ማዳም ጎንበስ አለችና አንዱን አነሳች። ጫፉ ላይ ትንሽ ዕንቁ ያለበት የራሷ መርፌ ነው። አገጯ ሥር ያለውን ቋጠሮ በእጇ ነካችው። ከዚያ ልጇን ምንድነው ይሄ አለቻት።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ። «ተሰፍቶ ነበር። ክሩን የተረተርኩት እኔ ነኝ።»

ማዳም ፊቷ ተለወጠ። በዚህ ቤት የዋሸ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ አለችና እጇን ዘረጋች። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም፤ ሳምንቱን ሙሉ ስታልመው የከረመችውን የከረሜላ ከረጢት ሰጠቻት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። አደራሽን ጠብቄያለሁ የሚል ዓይን ነበር። አፈርኩ። የሰባት ዓመት ልጅ እኔ ለስምንት ወር የተሸከምኩትን ውሸት ተሸክማ ቆማለች፤ እኔ ደግሞ ኪሴ ውስጥ የጅብ ጭራ ይዤ አያታለሁ። መክተቡም፣ የማላውቀው ቤትም አልጠፋኝም። ግን አልቻልኩም።

«ማዳም፣ እሷ አይደለችም» አልኩ። «ስፌት አልችልም። አንድም ቀን ችዬ አላውቅም።»

መርፌዎቹን ልቀሚና ወደ ቤት ግቢ አለችኝ። ለቀምኩ። ገብቼ ሻንጣዬን አዘጋጀሁና የክፍሌ በር ሥር አቆምኩት።

አርብ ጠዋት ከማጠቢያው ክፍል ጠራችኝ። የመኪናው ልብስ ተገልጧል። ጅቡ፣ ማለቴ ብርድ ልብሱ፣ ተጣጥፎ ክንዷ ላይ አለ። ልጅቷ ከረጢቷን አስመልሳ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ከረሜላ ታኝካለች። ማዳም መኪናውን እያየች እናቷ ዮርዳኖስ፣ ዛርቃ ውስጥ ለሰው ልብስ እየሰፋች እንዳሳደገቻት ነገረችኝ። መርፌ ስታቀብል ስላደገች፣ ትልቅ ሰው ስሆን ሌላ ሰው ነው የሚሰፋልኝ ብላ ምላ ነበር።

«በዚህ ድምፅ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ» አለች። «ክር የሌለው መኪና ድምፁ ባዶ ነው። ከመጀመሪያው ምሽት አውቄያለሁ።»

ማወቋ ሳያንስ ባባም ያውቅ ነበር። የሱሪው ጫፍ ውስጥ ሽቦውን ካገኘው ቆይቷል። ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን ቀንሰው ሁለቱም ያዳምጡን ነበር፤ ዛሬስ ምን ሰፋች እያለ ይጠይቃት እንደነበር ስትነግረኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እሑድ መክተብ ልመልስሽ ወስኜ ነበር» አለች ማዳም። «ትናንት ልጄ ስትዋሽልሽ ዝም ብትዪ ኖሮ ዛሬ ሻንጣሽ በር ላይ ነበር።»

ሻንጣዬ በር ላይ እንደሆነ አልነገርኳትም። ከአሁን በኋላ አልዋሽም ብዬ በልቤ የማልኩት ገና ማታ ነው፤ ዝም ማለት ግን ውሸት አይደለም ብዬ አለፍኩት።

በመኪናው አይጀመርም፣ መጀመሪያ በእጅ ነው፣ እናቴ ወለል ላይ አስቀምጣ ነው የምታስተምረው አለች። ከዚያ ብርድ ልብሱን ዘረጋችና ቀዝቃዛው ጡብ ላይ አነጠፈችው። ነጠብጣቡ ሳይጠፋ፣ የጫማ ቀለም እየሸተተ፣ ጅቡ እግሬ ሥር ተነጠፈ። እሷ በአንዱ ጠርዝ ተቀመጠችና ሌላውን ጠርዝ በእጇ መታ መታ አደረገችልኝ።

የአገሬን ተረት ታውቅ ይሆን ብዬ ፊቷን አየሁት። አታውቅም። ተቀመጥኩ።